ገቢ ሲቋረጥ የቤተሰብን ዕዳ እንዴት መያዝ ይቻላል?

ደመወዝ በሚገባበት ቀን ከባንክ የሚላከው መልእክት ሲቀር፣ የብድሩ ተቆራጭና የዕቁቡ ቀን ግን ሳይዛነፉ ሲደርሱ፣ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ወር በዝምታ ያሳልፋል። ኢትዮጵያ በ2014 ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ለአሜሪካ ገበያ ከማቅረብ ዕድል፣ ስትታገድ በኢንዱስትሪ ፓርኮች ይሠሩ የነበሩ፣ በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቆም ደግሞ በርዳታ ድርጅቶች የተቀጠሩ በርካታ ሠራተኞች ይህን ወር ቀምሰውታል። ዝምታው የሚመጣው ከኀፍረት እንጂ ከግድየለሽነት አይደለም። ሆኖም በእኛ አገር ዕዳ የተበዳሪው ብቻ ሆኖ ስለማያውቅ፣ ዝም ባልን ቁጥር የሚጎዳው ሰው ይበዛል። ከብድሩ ጀርባ የፈረመ የሥራ ባልደረባ፣ ከዕቁቡ ጀርባ ዋስ የሆነ ጎረቤት፣ ከዱቤው ጀርባ ራሱ ከጅምላ ሻጭ በዱቤ ያመጣ ባለሱቅ አለ።

በሌሎች አገሮች አንድ ግለሰብ መክሰሩን በፍርድ ቤት አስወስኖ ከዕዳው የሚወጣበት ሥርዓት አለ። የእኛ የኪሳራ ሕግ የተጻፈው ለነጋዴዎች ስለሆነ ለደመወዝተኛው ይህ በር ክፍት አይደለም። የቀረው መንገድ ዕዳዎቹን በትክክለኛው ቅደም ተከተል መደርደርና ቀኑ ከማለፉ በፊት ከእያንዳንዱ አበዳሪ ጋር መነጋገር ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚገባዎትን ይሰብስቡ

ስለሚከፍሉት ከማሰብዎ በፊት የሚከፈልዎትን ይቁጠሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል ሲቋረጥ ቀሪ ደመወዝና ተያያዥ ክፍያዎች በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለባቸው፤ ያልተጠቀሙበት የዓመት ዕረፍትም ወደ ገንዘብ ይቀየራል። የሥራ ስንብት ክፍያ በሚገባቸው ሁኔታዎች፣ ለምሳሌ በሠራተኛ ቅነሳ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ አንድ ሦስተኛ ይታሰባል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳ ለተሰናበተ ሠራተኛ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል።

ቁጥሩን በምሳሌ እንየው። ወርኃዊ ደመወዙ 24,000 ብር የሆነና 6 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በቅነሳ ቢሰናበት፣ በግርድፉ ለመጀመሪያው ዓመት 24,000፣ ለቀሩት አምስት ዓመታት በ8,000 ሒሳብ 40,000፣ ለ60 ቀኑ ደግሞ 48,000፣ በድምሩ ከግብር በፊት 112,000 ብር ይሆናል። የኮንትራት ዘመኑ አልቆ የተለያየ ሰው ስሌት ስለሚለይ፣ ውሉን ይዞ በአካባቢው ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም የሕግ ባለሙያ መጠየቅ ይበጃል። ጊዜው ግን አይጠብቅም፤ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር፣ ከውሉ መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

ገንዘቡ ሲገባ የብድር ተቆራጭ ከማይደረግበት ሒሳብ ያስቀምጡት። ይህን የምለው ከአበዳሪ ለመሸሽ ሳይሆን፣ ማን አስቀድሞ እንደሚከፈል የሚወስኑት እርስዎ እንዲሆኑ ነው። ስንብቱን የተቀበለ ሰው በተለምዶ አስቀድሞ የሚከፍለው ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሚጠይቀው ነው፤ ከፍ አድርጎ የሚጠይቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሊታገሥ የሚችለው ነው።

ዕዳውን በሙሉ አንድ ደብተር ላይ ያውጡት

ባልና ሚስት ከልጆች ፊት ዞር ብለው አብረው ይቀመጡ። አንድ የተማሪ ደብተር በቂ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዕዳ ለማን እንደሆነ፣ ቀሪው ስንት እንደሆነ፣ በወር ስንት እንደሚከፈል፣ ምን ንብረት እንደተያዘበት፣ ማን ዋስ እንደሆነና ቢዘገይ ምን እንደሚከተል ይጻፉ። በዚህ ምሽት አንዱ ለሌላው ያልነገረው ነገር መውጣቱ የተለመደ ነው፤ እሱ በቴሌብር እንደኪሴ የወሰዳት፣ እሷ ከጎረቤት የተበደረቻት ትገለጣለች። በዚያ ምሽት ጠብ ከተነሣ ደብተሩ ይዘጋል፤ ስለዚህ ለምን ተበደርክ፣ ለምን ተበደርሽ የሚለውን ለሌላ ቀን ማቆየት ያስፈልጋል።

ያንኑ የ24,000 ብር ደመወዝተኛ እንውሰድ። ባለቤቱ እንጀራ ጋግራ በማስረከብ በወር 7,000 ብር ታገኛለች። ደብተሩ ላይ የወጣው እንደሚከተለው ነው እንበል፤ የኮንዶሚኒየሙ የባንክ ብድር በወር 3,900፤ የቁጠባና ብድር ማኅበር ቀሪ 160,000፣ በወር 5,200፣ ሁለት ባልደረቦች የፈረሙበት፤ ቀድሞ የተበላ ዕቁብ በሳምንት 2,000፣ 14 ሳምንት የቀረው፤ የስልክ ብድር 6,000፤ የሱቅ ዱቤ 4,700፤ ከባለቤቱ ወንድም የተወሰደ 50,000። ከምግብ፣ ከመብራትና ውኃ፣ ከትምህርት ቤትና ከዕድር የማይወርደው ወጪ 14,000 ብር ነው። ዕድሩን ከማይቆረጡት ወጪዎች ውስጥ ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው፤ መዋጮው ጥቂት ሆኖ ሳለ አቋርጦ መሰረዝ በከፋው ቀን ብቻን ያስቀራል።

እንግዲህ ዕዳዎቹን በመጠናቸው ሳይሆን ቢዘገዩ በሚያደርሱት ጉዳት ይደርድሯቸው። ቤት የተያዘበት ብድር ይቀድማል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ቀጥሎ ሰው የፈረመበት ዕዳ ይመጣል። ያለ ዋስና ያለ መያዣ ከዘመድ የተወሰደው፣ ምንም ያህል ቢከብድ፣ ወደ መጨረሻው ይሄዳል።

ከግብር በኋላ፣ ከዕረፍት ክፍያው ጋር 100,000 ብር እጁ ቢገባ፣ ለአምስት ወር የቤት ወጪ ጉድለት 35,000፣ ለቤቱ ብድር 19,500፣ ለዕቁቡ 28,000፣ ለስልክ ብድሩ 6,000፣ ለሱቁ 4,700 ይወጣል። የሚተርፈው 6,800 ብር ነው፤ ለቁጠባ ማኅበሩ በወር 1,000 ብር ለአምስት ወር ከተያዘ 1,800 ብር ለሥራ ፍለጋ ታክሲ ይቀራል። ለባለቤቱ ወንድም አሁን የሚደርሰው ነገር የለም፤ ይህን ግን ወንድምየው ከተበዳሪው ከራሱ አንደበት መስማት ይገባዋል። ዕቁቡ በሙሉ መከፈሉ የሚያከራክር ቢመስልም፣ ዕጣቸውን የሚጠብቁት ሰዎች እንደ እርስዎው ያሉ ናቸው፤ ነገ ያለ መያዣ ገንዘብ የሚሰበሰብበትም ቦታ እሱ ነው። ዕጣው ገና ካልደረሰዎት ለዳኛው ችግርዎን ነግረው ተራው እንዲቀድምልዎ ወይም ዕጣውን የሚጋራ ሰው እንዲፈለግ ይጠይቁ።

ለዋሶችዎ አስቀድመው ይንገሩ

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ደረጃ ነው፤ ዘልለውት የሚያልፉም ብዙ ናቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ተራ ዋስ አስቀድሞ የባለዕዳው ንብረት እንዲጠየቅ መከራከር ይችላል፤ «በአንድነትና በነጠላ» ብሎ የፈረመ ዋስ ግን አበዳሪው በቀጥታ ሊጠይቀው ይችላል። አብዛኞቹ የብድር ውሎች የያዙት ይህንኑ ሐረግ ነው። ፈራሚው ነገሩን የሚያውቀው ደብዳቤ ሲደርሰው ወይም የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ያልጠበቀውን ተቀናሽ ሲያይ ከሆነ፣ ገንዘቡ ቢመለስለት እንኳ ወዳጅነቱ አይመለስም።

ስለዚህ በአካል ሄደው፣ ቡና ላይ ሳይሆን ብቻውን አግኝተው ይንገሩት። «ጋሼ፣ ሥራዬን አጥቻለሁ፤ ማኅበሩን በወር 1,000 እንዲያደርጉልኝ ሰኞ ላመለክት ነው፤ አብረውኝ ቢመጡ» የሚል አጭር ንግግር ከረጅም ይቅርታ ይሻላል። ዋሱ አብሮ ሲቀርብ አበዳሪው ጥያቄውን በቁም ነገር ይመለከተዋል። በማኅበሩ ውስጥ የራስዎ ቁጠባ ካለና መተዳደሪያ ደንቡ ከፈቀደ፣ ቁጠባው ከብድሩ ላይ እንዲቀነስ ይጠይቁ፤ ከ160,000 ላይ 45,000 ቢነሣ ዋሶቹ የሚሸከሙት ያን ያህል ይቀልላል።

ለባንኩ በጽሑፍ ያመልክቱ

በቃል የተባለ ነገር የባንኩ የብድር ሠራተኛ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ብድር ያለ ክፍያ 90 ቀን ሲሞላው ባንኩ ከተበላሹ ብድሮች ጋር ስለሚመድበው፣ ማመልከቻው ከዚያ በፊት፣ ቢቻል በመጀመሪያው ወር፣ መግባት አለበት። የብድር ታሪክ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማእከል በኩል ለሌሎች ባንኮችም ይታያል። ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በብድር ውል ቁጥር … መሠረት ወርኃዊ ክፍያዬን እስከ … ወር ድረስ ሳላቋርጥ ከፍያለሁ። ከ… ቀን ጀምሮ በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ሥራዬን ያጣሁ መሆኑን ከአሠሪዬ የተሰጠኝን ደብዳቤ አያይዤ አቀርባለሁ። ለሚቀጥሉት 6 ወራት ወለዱን ብቻ እንድከፍልና የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉ፤ ሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስመትተው ይያዙት። የሚጠቅሱት ገንዘብ በርግጥ የሚከፍሉት ይሁን፤ ቃል ገብቶ በሁለተኛው ወር ማፍረስ ካለመጠየቅ የባሰ ነው። ማራዘሚያው ወለዱን እንደሚያሳድገው ደግሞ አይዘንጉ፤ አዲሱን የክፍያ ሠንጠረዥ ሳያዩ አይፈርሙ። ቤቱን አከራይቶ ለጊዜው ወደ አነስተኛ ቤት ወይም ወደ ቤተሰብ መግባት ብድሩን የሚሸፍን ከሆነ ይህንኑ ያስቡበት። ጨርሶ የማይቻል ከሆነም ሐራጁን ከመጠበቅ ባንኩ እያወቀ ገዢ ራስዎ መፈለጉ የተሻለ ዋጋ ያስገኛል፤ የኮንዶሚኒየም ቤት ከሆነ ግን አስቀድሞ የሽያጭ እገዳው ዘመን ማለፉን ያረጋግጡ።

ዕዳን በአራጣ አይክፈሉ

በዚህ ሰሞን «እኔ ጋ ገንዘብ አለ» የሚል ሰው መቅረቡ አይቀርም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግለሰቦች የሚዋዋሉት የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ መብለጥ አይችልም፤ አራጣ ማበደርም በወንጀል ያስጠይቃል። አራጣ አበዳሪው ይህን ስለሚያውቅ ወለዱን ውሉ ላይ አይጽፈውም፤ የተቀበሉት 100,000 ሆኖ ሳለ ወረቀቱ 150,000 ይላል። አንዳንዱ የቤት ሽያጭ ውል ወይም የመሸጥ ውክልና ያስፈርማል፤ አንዳንዱ ቼክ ይጠይቃል። በሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ (ስንቅ) የሌለው ቼክ መስጠት ወንጀል ስለሆነ፣ በዚያች ፊርማ የገንዘብ ጉዳይ የነበረው የፖሊስ ጉዳይ ይሆናል።

መጥሪያ ከደረሰ

ከመጥሪያ መሸሽ ክሱን አያስቀርም፤ እርስዎ በሌሉበት ታይቶ ይወሰናል እንጂ። በቀጠሮው ቀን ቀርበው ዕዳውን ካመኑ፣ የገቢዎን መቋረጥና የከፈሉባቸውን ደረሰኞች አሳይተው የችሮታ ጊዜ ይጠይቁ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1770 ፍርድ ቤቱ ሁኔታው ሲያስገድድ እስከ 6 ወር የሚደርስ ጊዜ እንዲሰጥ ይፈቅድለታል። ለአፈጻጸም ንብረት ሲያዝም የቤተሰቡ ልብስ፣ መኝታ፣ የማብሰያ ዕቃና መተዳደሪያ የሆነ የሥራ መሣሪያ አይነካም፤ የእንጀራ ምጣዱን ሊወስድ የመጣ ካለ ይህን ይንገሩት። ጉዳዩ ክስ ሳይሆን በሽማግሌ ካለቀም፣ ስምምነቱ ተጽፎ በምስክሮች ይፈረም።

ደብተሩን በየወሩ መጀመሪያ ቀን ይክፈቱት፤ የተከፈለውን ቀንሰው፣ የተለወጠውን አስተካክለው ይዝጉት። የባንክና የማኅበር ደረሰኞችን በየቀናቸው በአንድ ፖስታ ያስቀምጡ። ሱቅ ሲከፍሉ ደግሞ ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን አውጥቶ በስምዎ ያለውን መስመር እርስዎ ባሉበት እንዲሰርዘው ያድርጉ።