«ያልተገደበ» ባክአፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ለኮምፒውተራችሁ የክላውድ ባክአፕ (የፋይሎቻችሁን ቅጂ በኢንተርኔት ተቀብሎ አንድ ኩባንያ የሚያስቀምጥበት አገልግሎት) ልትገዙ ከሆነ «ያልተገደበ» የሚለውን ቃል ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። ገደቡ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

መጀመሪያ የኢንተርኔታችሁን ፍጥነት ለኩ። የዳውንሎዱን ሳይሆን የአፕሎዱን። 500 ጊጋባይት ፋይል በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ሳይቋረጥ ቢሄድ እንኳ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። መብራትና ኔትወርክ የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል።

ከዚያ ደንቡን አንብቡ። በስህተት ያጠፋችሁት ፋይል ኩባንያው ጋ ስንት ቀን ይቆያል? ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክስ ይጨምራል? አንዳንዶቹ ዲስኩ ለረጅም ጊዜ ካልተሰካ ቅጂውን ያጠፉታል። የቤተሰብ ፎቶ እዚያ ላይ ላስቀመጠ ሰው ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው። ውሉም ሊቀየር ይችላል፤ ማይክሮሶፍት በ2015፣ አማዞን በ2017 ያልተገደበ ማከማቻቸውን አንስተዋል። ስለዚህ ብቸኛ ቅጂያችሁን ለማንም አትስጡ፤ አንድ ቅጂ ቤታችሁ ውስጥም ይኑራችሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ፋይሎቻችሁን ከባክአፑ መመለሱን ሞክሩ። ብዙ ሰው መላኩን እንጂ መመለሱን አያይም። እንደ ባክብሌዝ ያሉት የባክአፕ ኩባንያዎች የነጻ መሞከሪያ ጊዜ ስላላቸው፣ በዚያ ጊዜ አንድ ሙሉ ፎልደር አውርዱና ፋይሎቹን አንድ በአንድ ክፈቱ። የአማርኛ ስም ያላቸው ፋይሎች ስማቸው እንዳልተበላሸም እዩ።

የራሳችሁን የምስጠራ ቁልፍ (ፋይላችሁን ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚቆልፍ የይለፍ ቃል) ካበጃችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ደህና ቦታ አስቀምጡት። እሱ ከጠፋ ኩባንያውም ፋይላችሁን ሊከፍትላችሁ አይችልም።