ለሜሪላንድ ግዛት ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት መወዳደር ይቻላል?

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ኢትዮጵያዊ ወገን ተሰብስቦ ሲያጨበጭብልዎት ምርጫውን ያሸነፉ ሊመስልዎት ይችላል። ከተሰብሳቢው ግን አንዳንዱ ከቨርጂኒያ የመጣ ነው። አንዳንዱ ገና ዜግነት አላገኘም። ሌላው ዜጋ ቢሆንም የሚኖረው በሌላ የምርጫ ወረዳ ነው። የቀረውም በመራጭነት ቢመዘገብ እንኳ የፓርቲ አባል ስላልሆነ ፓርቲው ዕጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ ድምፅ መስጠት አይችልም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደር ሰው ሥራውን መጀመር ያለበት ከዚህ ቆጠራ ነው፤ በእርግጥ ሊመርጠኝ የሚችለው ማን ነው?

ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። እዚህ የምንነጋገረው ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩባት ስለ ሜሪላንድ ነው።

መጀመሪያ የሚወዳደሩበትን ወንበር ይወቁ

ሜሪላንድ በ47 የምርጫ ወረዳዎች ተከፍላለች። እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሴናተርና ሦስት የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ወደ ግዛቷ ዋና ከተማ አናፖሊስ ይልካል፤ ስለዚህ ሴናተሮቹ 47፣ ተወካዮቹ 141 ናቸው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት አንድ ወረዳ ወደ 131 ሺህ ነዋሪ አለው። የሥራ ዘመኑ አራት ዓመት ሲሆን ምርጫው የሚካሄደው አገረ ገዢው በሚመረጥበት ዓመት ነው።

ምክር ቤቱ በየዓመቱ ከጥር ወር ሁለተኛ ረቡዕ ጀምሮ ለ90 ቀናት ይሰበሰባል። በሆስፒታል ተረኛ የሆነ፣ የራሱን ሱቅ የሚያስተዳድር ወይም ታክሲ የሚነዳ ሰው ይህን ሦስት ወር ከወዲሁ ማሰብ አለበት። ከባለቤትዎና ከልጆችዎ ጋር ቁጭ ብለው ሳይመክሩበት አንድ እርምጃ እንኳ ወደፊት አይሂዱ።

መስፈርቱን ማሟላትዎን ያረጋግጡ

ለተወካዮች ምክር ቤት 21፣ ለሴኔት 25 ዓመት የሞላው መሆን ያስፈልጋል። ከምርጫው በፊት በግዛቷ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ በሚወዳደሩበት ወረዳ ደግሞ ስድስት ወር መኖር ግዴታ ነው። የወረዳው ነዋሪነት በወረቀት ብቻ መሆን የለበትም፤ በ2022 ሕዝቡ ያጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በእርግጥ የሚኖሩበት ቤት በወረዳው ውስጥ እንዲኖር ያስገድዳል። የአክስትዎን አድራሻ ተጠቅሜ እወዳደራለሁ ብለው አያስቡ።

አሜሪካ ውስጥ አልተወለድኩም ብለው የሚያመነቱ ካሉ፣ በዜግነት ማረጋገጫ አሜሪካዊ የሆነ ሰው ለግዛት ምክር ቤት መወዳደር ይችላል። በትውልድ ዜጋ መሆን የሚጠየቀው ለፕሬዚዳንትነትና ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ብቻ ነው።

ማን ሊመርጥዎ እንደሚችል ይቁጠሩ

በብዙ የሞንጎመሪ አውራጃ ወረዳዎች ዋናው ፍልሚያ በኅዳር ሳይሆን በሰኔ ነው። አንዱ ፓርቲ ጎልቶ በሚያሸንፍበት ወረዳ የፓርቲውን ቅድመ ምርጫ ያለፈ ሰው ወንበሩን አገኘ ማለት ይቻላል። የሜሪላንድ ቅድመ ምርጫ ደግሞ ዝግ ነው፤ ለዴሞክራቲክ ዕጩዎች ድምፅ የሚሰጡት በዴሞክራትነት የተመዘገቡ፣ ለሪፐብሊካን ዕጩዎች የሚሰጡት በሪፐብሊካንነት የተመዘገቡ ናቸው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ይጎዳል። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ከፓርቲ የመራቅ ልማድ አለ፤ መነሻውም በቂ ምክንያት አለው። ስለዚህ ዜግነት ሲገኝ ወይም መንጃ ፈቃድ ሲወጣ ቅጹ ላይ የፓርቲ አባል አይደለሁም የሚለውን መምረጥ ቀላል ይሆናል። ይህ ምርጫ ግን ከሰኔው ድምፅ ያስወጣል። አስቀድሞ የተመዘገበ መራጭ ፓርቲ መምረጥም ሆነ መቀየር የሚችለው ለቅድመ ምርጫው 21 ቀን እስኪቀረው ድረስ ብቻ ነው። ደጋፊዎችዎ ምዝገባቸውን እንዲያዩ ከአሜሪካው ክረምት ጀምረው ይጎትጉቱ፤ በግንቦት መጨረሻ የሚደረግ ጉትጎታ ይዘገያል።

ይህን ሲያደርጉ አንድ ነገር በጣም ይጠንቀቁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዘመቻዎ በፈቃደኝነት ሊያገለግልና ገንዘብ ሊለግስ ይችላል፤ በመራጭነት መመዝገብ ግን አይችልም። ዜጋ ሳይሆኑ መመዝገብ ወይም ድምፅ መስጠት ዜግነት ከማስከልከል አልፎ ከአገር እስከ ማስባረር ይደርሳል። መመዝገቢያ ቅጽ ለማንም ሰው ከመስጠትዎ በፊት ዜጋ መሆኑን ይጠይቁ። የአንድ ቤተሰብን ሕይወት ለምርጫ ድምፅ ብሎ አደጋ ላይ መጣል ይቅር የማይባል ነው።

ማንኛውም በሜሪላንድ የተመዘገበ መራጭ ከግዛቷ ምርጫ ቦርድ የመራጮችን ዝርዝር መግዛት ይችላል። ዝርዝሩ ስም፣ አድራሻ፣ የፓርቲ ምዝገባና በየትኞቹ ምርጫዎች እንደተሳተፉ ይዟል። ባለፉት ሁለትና ሦስት ቅድመ ምርጫዎች የተሳተፉትን ይለዩ። ወደፊት የሚያንኳኩት የእነዚህን ሰዎች በር ነው።

ኮሚቴውን ያቋቁሙ፣ ከዚያ ይመዝገቡ

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ የዘመቻ ኮሚቴ በምርጫ ቦርዱ ዘንድ ይመዘገባል፤ ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ ያስፈልጉታል፤ ዕጩው የራሱ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ መሆን አይችልም። ለኮሚቴው የተለየ የባንክ ሒሳብ ይከፈታል። ቀጥሎ የሀብት መግለጫ ለሥነ ምግባር ኮሚሽኑ ይቀርባል፣ የዕጩነት ማመልከቻ ይሞላል፣ 50 ዶላር ይከፈላል። የምዝገባው መዝጊያ በየካቲት መጨረሻ ነው። ገንዘብ ያዥ አድርገው የሚመርጡት ዘመድዎን ሳይሆን ደረሰኝ የማይጥል፣ ቀነ ገደብ የማያሳልፍና እርስዎን እምቢ ለማለት የማይፈራ ሰው ይሁን።

ገንዘቡን እንደ ሕጉ ይሰብስቡ

አንድ ሰው በአራት ዓመቱ የምርጫ ዑደት ለአንድ ኮሚቴ ከ6,000 ዶላር በላይ መስጠት አይችልም። ከ100 ዶላር በላይ የሆነ ልገሳ በጥሬ ገንዘብ አይሰጥም፤ በቼክ ወይም በካርድ ይሁን። የእያንዳንዱ ለጋሽ ስምና አድራሻ ይመዘገባል።

የእኛ የመረዳዳት ባህል ከዚህ ሕግ ጋር የሚጋጨው እዚህ ላይ ነው። ለለቅሶ ወይም ለሠርግ እንደምናደርገው ከሃያ ሰው ጥሬ ገንዘብ ተሰብስቦ በአንድ ሰው ስም የሚገባ ልገሳ፣ ሁሉም በቅን ልቦና ቢያደርጉትም፣ ሕገ ወጥ ነው። ሃያውም በየስማቸው ይስጡ። አዲስ አበባ ያለ አጎት ወይም በተማሪ ቪዛ የመጣ የአጎት ልጅ ግን አንድ ዶላር እንኳ መስጠት አይችልም፤ የፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ የሌላቸው የውጭ ዜጎች በየትኛውም ደረጃ ምርጫ ላይ ገንዘብ እንዳያወጡ ይከለክላል። ከግብር ነፃ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም የበጎ አድራጎት ማኅበር ሒሳብም ገንዘብ አይቀበሉ።

አንድ ጠቃሚ ዕድል አለ። በሥራ ላይ ያሉ የምክር ቤት አባላት ጉባኤው በሚካሄድባቸው 90 ቀናት የዘመቻ ገንዘብ መሰብሰብ አይችሉም። አባል ያልሆነ አዲስ ዕጩ ግን ይችላል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለውን ጊዜ በስልክ ላይ ያሳልፉት።

በር ያንኳኩ፤ ከሦስቱ ድምፅ አንዱን ይጠይቁ

የሜሪላንድ ተወካይ ምርጫ ከብዙ ግዛቶች የሚለየው በብዙ ወረዳዎች መራጩ ሦስት ድምፅ ያለው በመሆኑ ነው። በወረዳው ያሉ ነባር ተወካዮች አብዛኛውን ጊዜ ከሴናተሩ ጋር አንድ ቡድን ሆነው፣ በአንድ በራሪ ወረቀት ላይ ፎቶግራፋቸውን ደርድረው ይቀርባሉ። አዲስ ዕጩ ሲያየው ግንብ ሊመስለው ይችላል፤ ሆኖም መግቢያ አለው። መራጩ የሚወደውን ነባር ተወካይ እንዲተው አይጠይቁት። «ሦስት ድምፅ አለዎት፤ አንዱን ለእኔ ይስጡኝ» ይበሉት። ይህን ጥያቄ በአክብሮት የሚመልስ ብዙ ሰው አለ፤ በተለይ ከነባሮቹ አንዱ ወንበሩን ሲለቅ። የቅርብ ወዳጆችዎ ደግሞ ሦስቱንም ድምፅ እንዲጠቀሙ ሕጉ እንደማያስገድዳቸው ይወቁ፤ ለእርስዎ ብቻ ድምፅ ሰጥተው መውጣት ይችላሉ።

በር ላይ ንግግር አያድርጉ። ስምዎን፣ የሚኖሩበትን መንገድ፣ ለምን እንደሚወዳደሩ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገሩና ያዳምጡ። የኪራይ መናር፣ የልጆች ትምህርት ቤት መጨናነቅ፣ የሐምራዊው የባቡር መስመር (ፐርፕል ላይን) ግንባታ ያቃወሳቸው ሱቆች፤ ሰው የሚነግርዎ ይህን ነው። ሲወጡ የሰማዎትን ይጻፉ፤ ደጋፊ፣ የሚያመነታ ወይም ተቃዋሚ መሆኑንም ይመዝግቡ። በሁለተኛው ጉብኝት የልጁን የትምህርት ቤት ችግር አስታውሰው ሲጠይቁት ያ መራጭ አይረሳዎትም።

ከወገን ውጭ ያለው መራጭ ስሜን መጥራት እንኳ አይችልም የሚል ስጋት ሰው ያስቀራል። አባታቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑት ሳምራ ብሩክ በ2020 የኒው ዮርክ ሴኔት ወንበር ያሸነፉት ከሮቸስተር አካባቢ ነው፤ ሮቸስተር እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ የኢትዮጵያውያን መናኸሪያ አይደለችም። ወገን መሠረት ይሆንዎታል፤ በሰባት ቀን ውስጥ ስልሳ ፈቃደኛ የሚያመጣልዎት እሱ ነው። ድምፁን ግን ከኤልሳልቫዶር፣ ከካሜሩን፣ ከዚያው ከሜሪላንድ ከተወለደውም ጎረቤትዎ መለመን አለብዎት።

በሚያሳትሙት ማንኛውም ወረቀት ላይ የኮሚቴው ስምና የገንዘብ ያዡ ስም ይኑር፤ ሕግ ነው። በመንገድ ዳር የሚተከል ሰሌዳ ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ ድምፅ የማምጣት ኃይሉ ትንሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ያንን ገንዘብ ለፖስታ ያውሉት።

ምርጫው የሚጀምረው ከምርጫው ቀን በፊት ነው

በሜሪላንድ ማንኛውም መራጭ ያለ ምክንያት በፖስታ ድምፅ መስጠት ይችላል፤ ከዚያ በተጨማሪ ስምንት የቅድሚያ ድምፅ መስጫ ቀናት አሉ። ስለዚህ የፖስታ ድምፅ መስጫው ወደየቤቱ ከመድረሱ በፊት ደጋፊዎችዎን አንድ ዙር ጨርሰው መጎብኘት አለብዎት። በቅድሚያ ቀናቱ ፈቃደኞችዎ ከተፈቀደው መስመር ውጭ ቆመው ወረቀት ያድሉ፤ አዛውንቶችን የሚያጓጉዝ መኪና ይዘጋጅ። አማርኛ ብቻ የሚያነብ መራጭ የሚረዳው ሰው ይዞ መግባት ይፈቀድለታል፤ ረዳቱ የመራጩ አሠሪ ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል መሆን ግን የለበትም።

በምርጫው ማታ የሚነገረው ቁጥር የመጨረሻ ላይሆን ይችላል፤ አንዳንድ የፖስታ ድምፆች በቀጣዮቹ ቀናት ይቆጠራሉና በሦስተኛውና በአራተኛው ዕጩ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ከሆነ ንግግር አያድርጉ። ቢሸነፉም ኮሚቴው ሒሳቡ ዜሮ ሆኖ እስኪዘጋ ድረስ የገንዘብ ሪፖርት የማቅረብ ግዴታው ይቀጥላል። የመራጮቹን ማስታወሻ አይጣሉት። በሥራ ዘመን መካከል ወንበር ሲለቀቅ የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ለአገረ ገዢው ስም ያቀርባል፤ ጥሩ ውጤት ያገኘና ከኮሚቴው አባላት ጋር ግንኙነቱን ያላቋረጠ ዕጩ ማመልከቻ ሊያስገባ ይችላል።