የፋይበር ሞጁል የሚያሳየውን የብርሃን መጠን እንዴት እናንብብ?

ስዊቹ ላይ ገብታችሁ የሞጁሉን (ፋይበሩ የሚሰካበት፣ ብርሃን የሚልከውና የሚቀበለው ቁራጭ) ዝርዝር አውጡ። ሲስኮ ላይ «ሾው ኢንተርፌስ ትራንሲቨር»፣ ሁዋዌ ላይ «ዲስፕሌይ ትራንሲቨር ቨርቦስ» የሚሉት ትዕዛዞች ናቸው። ሙቀቱን፣ ቮልቴጁን፣ ከረንቱን ለጊዜው እለፏቸው። የምንፈልገው ሁለት ቁጥር ነው፦ ቲኤክስ ሞጁሉ የሚልከው ብርሃን፣ አርኤክስ ደግሞ የሚደርሰው።

መለኪያው ዲቢኤም ነው። 0 ዲቢኤም ማለት ብርሃን የለም ማለት አይደለም፤ 1 ሚሊዋት ነው፣ ለኛ ሥራ ደህና ኃይል። ከዚያ 3 ሲወርድ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፣ 10 ሲወርድ አንድ አሥረኛው ብቻ ይቀራል። ብርሃን ጭራሽ ከሌለ ብዙው መሣሪያ -40 ወይም በዚያ አካባቢ ይጽፋል። -40 ስታዩ ግን መሰላል ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ስልክ ደውሉ፤ ወዲያኛው ቢሮ መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱም ጨርሶ ሊሆን ይችላል። በዚያ ትራፊክ ካዛንቺስ ድረስ ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ ማየት ያናድዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አርኤክሱን ብቻ አይቶ «ሰላም ነው» ማለት የሰነፍ ሥራ ነው። የወዲያኛውን ቲኤክስ ከወዲህኛው አርኤክስ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ሜክሲኮ ያለ ቢሮ ከፒያሳ ቅርንጫፉ ጋር በ10 ጊጋ ኤልአር (እስከ 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ) ሞጁል ተገናኝቷል እንበል። የፒያሳው ቲኤክስ -2.1፣ የሜክሲኮው አርኤክስ -9.8 ነው። የኤልአር የታችኛው መቀበያ ወሰን -14.4 ስለሆነ ሊንኩ ይሠራል፣ አላርምም የለም። ግን መንገድ ላይ 7.7 ዲቢ ጠፍቷል (የሁለት ዲቢኤም ቁጥሮች ልዩነት በዲቢ ነው የሚባለው)። ይገባዋል ወይ? እናስላ። ኬብሉ ዞሮ ዞሮ 4 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በ1310 ናኖሜትር በኪሎ ሜትር 0.35 ገደማ ስለሚበላ 1.4 መጣ። ለአራት ኮኔክተር 0.5፣ 0.5 ብንይዝ 2። ፋይበር ከፋይበር ለተቀጠለባቸው ብየዳዎች 0.4 ጨምሩ። ድምሩ 3.8። ታዲያ ቀሪው 4 ዲቢ ገደማ የት ገባ?

ወዲያው በመንገድ ቆፋሪዎች አታላክኩ። ሞጁሉ ራሱ የሚያሳየው ቁጥር እስከ 3 ዲቢ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል፣ ስታንዳርዱም ይፈቅድለታል። ስለዚህ አንድ ሁለት ዲቢ አታሳድዱ። ከቁጥሩ ይልቅ የሚታመነው ለውጡ ነው፤ ሊንኩ የተሠራ ቀን ቁጥሮቹን ኤክሴል ላይ ያሰፈረ ሰው ዛሬ በሁለት ደቂቃ ይገላገላል። ያላሰፈረ ፓወር ሜትር (የብርሃን መለኪያ) ይዋስ።

ቀጥሎ ተቃራኒውን አቅጣጫ በዚያው ስሌት እዩ። ሁለቱም አቅጣጫ እኩል ከወረደ ኬብሉ ላይ የሆነ ነገር ደርሷል፦ ተጣጥፏል፣ ተጨፍልቋል፣ ወይም ተቆርጦ በችኮላ ተበይዷል። አንዱ ብቻ ከወረደ ግን ጥርጣሬዬ ሁሌም አቧራ ላይ ነው። ከተማው ሁሉ ግንባታ ሆኖ ኮኔክተር ንጹሕ ይቆያል ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። በፋይበር ማጽጃ ብዕር በሁለቱም ጫፍ አጽዱ፣ እንደገና አንብቡ። በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ ጭረት ያተርፋል። የነቀላችሁትን ፋይበርም በዓይናችሁ አትመልከቱ፤ 1310ም 1550ም ለዓይን አይታይም፣ ጉዳቱ ግን አለ።

የበዛ ብርሃንም በሽታ ነው። ሱቅ ውስጥ የተገኘው እሱ ነው ተብሎ የ80 ኪሎ ሜትር ሞጁል ለአጭር መንገድ ሲገዛ አይቻለሁ። እሱ ከ0 እስከ +4 ይልካል፣ መቀበያው ግን ከ-7 በላይ አይችልም። ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራት ሲለቅባችሁ እንደሚሆነው ነው፤ መቀበያው ይታወራል፣ ስህተት ይቆጥራል፣ ሲብስም ይቃጠላል። የ15 ዲቢ አቴኑኤተር (ብርሃን የሚቀንስ ቁራጭ) ከመቀበያው ፊት አስገቡ፣ ወይም ሞጁሉን መልሱ። እኔ መመለሱን እመርጣለሁ።

ቲኤክሱ ራሱ ከድሮው እየወረደ፣ ያለፍነው ከረንት ደግሞ እየጨመረ ከሄደ ሌዘሩ እያረጀ ነው። ያኔ ማጽዳቱ ምንም አያመጣም፣ ሞጁሉን ቀይሩ።