አራት ኪሎ ጓሮ ውስጥ የደከመው አፈር

አራት ኪሎ በምንኖርበት ግቢ ጓሮ 6 ካሬ የምትሆን መሬት አለች። 2 ዓመት ሙሉ ጎመን ተክዬ ያተረፍኩት ቢጫ ቅጠል ነው። ዝናብ ሲጥል ውሃው አይሰርግም፣ ላዩ ላይ ይተኛል። ፀሐይ ስትወጣ ይሰነጣጠቃል። ዩሪያ የሚባለውን ማዳበሪያ ነሰነስኩ። ትንሽ አረንጓዴ ሆነና ተመልሶ ያው።

ሰላሌ የሚያርስ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ሳቀብኝ። «ልጄ፣ መሬቱ ርቦታል እኮ! ስትወስድበት እንጂ መች መልሰህለት ታውቃለህ?» እውነቱን ነው። የጎመኑን ግንድ እንኳ ከቆሻሻ ጋር ነው የምንጥለው።

ኮምፖስት፣ ማለትም ከልጣጭና ከቅጠል የሚብላላ ማዳበሪያ፣ መሥራት ጀመርኩ። መጀመሪያ አበላሸሁት። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ ብቻ ከመርኩ፤ ሸተተ፣ ጎረቤት አኮረፈ። ለካ ደረቅ ነገር አንሶት ነው። ለ1 ባልዲ ልጣጭ 2 ባልዲ ደረቅ ቅጠልና የጤፍ ጭድ ጨመርኩ፣ በየሳምንቱ አገላበጥኩት። ሽታው ጠፋ። እጄን ስከተው መሃሉ ይሞቃል። የቡና አተላ ደግሞ ከሰፈራችን ጀበና ቡና በነፃ አገኛለሁ።

ከ4 ወር በኋላ ኮምፖስቱን አፈሩ ላይ አልብሼ በጎመኑ ፋንታ ባቄላ ዘራሁ። አንዱን ነቅዬ ሳየው ሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች አሉ። በጥፍሬ ስከፍታት ውስጧ ሮዝ ነው። ለተክል ምግብ የሚሆነውን ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙት ባክቴሪያዎች እዚያ ናቸው፤ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። ሌላውን ባቄላ ሥሩን መሬት ውስጥ ትቼ ከላይ አጨድኩት።

አሁን መሬቷን ባዶ አልተዋትም፣ ጭድ አለብሳታለሁ። ባለፈው ዝናብ ውሃው ሰረገ። ጎመኑን ትናንት መልሼ ተከልኩ።