መስመሩ የማን ነው? በቅርጫት ኳስና በመረብ ኳስ ሜዳ የሚያጨቃጭቁን ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ኳስ ይዞ የሚወጣ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ቅጣት ላይ ነው። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ግን የሰፈራችን የሲሚንቶ ሜዳ ጢም ይላል። በሁለቱ ጫፍ የቅርጫት ኳስ ሰሌዳ ቆሟል። መሀል ላይ ደግሞ የመረብ ምሰሶ የሚተከልባቸው ሁለት ጉድጓዶች አሉ። አንዷ ሜዳ ለሁለት ጨዋታ ታገለግላለች፤ ጭቅጭቁም የሚነሳው ከዚያው ነው። እኔ ፊሽካ ስላለኝ ብቻ ዳኛ ከሆንኩ ሰነባበትኩ። "አቦ፣ አታይም እንዴ አንተ!" መባሉን ለምጄዋለሁ። ድሬ ላይ ዳኛም ሽማግሌም "አንተ" ነው።

ካላንደር ማምታታት

አንድ ልጅ ስልኩን እያየ፣ "መረብ ኳስ የተፈጠረው በ1895፣ ድሬ የተቆረቆረችው በ1895፤ እኩያሞች ናቸው!" አለን። ተጨበጨበለት። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ካላንደሩ ግን ሌላ ነው። ባቡሩ ደርሶ ድሬ የተቆረቆረችው በእኛ 1895፣ በፈረንጆቹ 1902 ነው። መረብ ኳስ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1895፣ በእኛ 1887 ነው። ቅርጫት ኳስ ደግሞ ከሁለቱም ትበልጣለች፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1891፣ በእኛ ታኅሣሥ 1884። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው፤ ሌላ ጭብጨባ እንዳንሰማ።

ሁለቱን ጨዋታዎች ባዕድ ማድረግ

ባዕድ አይደሉም፣ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ቤቱ ወወክማ፣ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ነው። ካናዳ የተወለደው ጄምስ ናይስሚዝ በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ የወወክማ ማሠልጠኛ መምህር ነበር። ክረምት ነው፣ ውጭ በረዶ፣ ውስጥ ጂምናስቲክ የሰለቻቸው ጎረምሶች። አለቃው በሁለት ሳምንት አዲስ ጨዋታ አምጣ አለው። አዳራሹ ጠባብ፣ ወለሉ እንጨት ነው። እንደ ራግቢ ኳስ ይዞ መሮጥ ከተፈቀደ መጠላለፍ ይመጣል፣ መጠላለፍ ካለ አጥንት ይሰበራል። ስለዚህ ኳስ ይዞ መሮጥን ከለከለ። ግቡ መሬት ላይ ከሆነ ደግሞ ሰው በኃይል ይጠልዛል። ስለዚህ ግቡን ከራስ በላይ ሰቀለው። የአዳራሹ ጥበቃ ያመጣለትን የኮክ ቅርጫት በረንዳው ላይ ቸነከረ። የበረንዳው ከፍታ 3.05 ሜትር ነበር፤ ዛሬም ቀለበቱ የሚሰቀለው እዚያው ላይ ነው። ደንቡ 13 አንቀጽ፣ ተጫዋቹ ዘጠኝ ለዘጠኝ፣ የመጀመሪያው ውጤት 1 ለ 0። አማርኛችን "ቅርጫት" ማለቱ ጎበዝ ነው። ቀፊራ ገበያ ፍራፍሬ የሚሞላበትን ዓይነት ዕቃ ነው ግብ ያደረገው ሰውዬው።

ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያው አጠገብ ባለችው ሆልዮክ፣ ሌላው የወወክማ ሰው ዊሊያም ሞርጋን ጎልማሳ ነጋዴዎችን ያሠለጥን ነበር። ቅርጫት ኳስ ትንፋሽ አሳጣቸው። ግጭት የሌለበት ነገር ፈለገ፤ መሀል ላይ መረብ ዘረጋና ለያያቸው። የመረቡ ቁመት 1.98 ሜትር ነበር። ስሙን መጀመሪያ "ሚንቶኔት" ብሎት ነበር፤ ደግነቱ በ1896 ተቀየረ።

ይህን የማወራው ለወግ አይደለም። አንዱ ጨዋታ ኳስ ይዞ መሮጥን ፈርቶ የተፈጠረ ነው፣ ሌላው መነካካትን ፈርቶ። ደንቦቹ የሚገቡት ከዚህ ሲነሱ ነው።

መስመሩን አንድ ዓይነት አድርጎ መዳኘት

የፀብ ሁሉ እናት ይቺ ናት። በቅርጫት ኳስ መስመሩ ውጪ ነው። ኳስ የያዘ ተጫዋች የጫማው ጫፍ መስመሩን ከነካ አለቀ። የሦስት ነጥቧም መስመር እንዲሁ ናት፤ ረግጠህ ከወረወርክ ሁለት ነው የሚቆጠርልህ። በመረብ ኳስ ግን መስመሩ የሜዳው አካል ነው። ኳሱ መስመሩን ጫፉን እንኳ ከነካ ውስጥ ነው።

እኛ ሜዳ መስመሩ በኖራ ስለሚሰመር ነገሩ በዓይን ይታያል። ባለፈው ኳሱ ጥግ ላይ አረፈ፤ ሁለቱም ቡድን ጮኸ። አንስቼ አገላበጥኩት። ቆዳው ላይ እንደ ጥፍር ቀጭን የሆነች ነጭ ዱቄት ነበረች። መረብ ኳስ ነው፣ ስለዚህ ውስጥ። ቅርጫት ኳስ ቢሆን ያቺው ዱቄት ጥፋተኛ ታደርግሃለች።

ግን አንድ ነገር አለች። በመረብ ኳስ ሰርቭ የሚያደርገው፣ ማለትም ከኋላ መትቶ ጨዋታውን የሚያስጀምረው ሰው፣ ኳሷን ሲመታ የኋላውን መስመር መርገጥ አይችልም። መስመሩ የሜዳው ነው አልን፤ እሱ ደግሞ ከሜዳ ውጪ መሆን አለበት። የኋላ ተጫዋችም የሦስት ሜትሯን መስመር ረግጦ ተነስቶ፣ ከመረቡ ጫፍ በላይ ያለች ኳስ ቢመታ ጥፋት ነው።

"ሦስት እርምጃ ሄደ!"

በቅርጫት ኳስ የትራቭሊንግ፣ ኳስ ይዞ የመራመድ ክርክር አያልቅም። ቆመህ ኳስ ከተቀበልክ አንዱ እግርህ ማሾሪያ ነው፣ ከቦታው ሳይነሳ የምትዞርበት፤ ሌላውን እንደፈለግህ አንቀሳቅስ። ድሪብል፣ ኳስ እያነጠርክ መሄድ ልትጀምር ከሆነ ማሾሪያው ከመነሳቱ በፊት ኳሱ ከእጅህ መውጣት አለበት። ልታቀብል ወይም ልትወረውር ከሆነ ማንሳት ትችላለህ፣ ግን መልሶ መሬት ሳይነካ ኳሱ መሄድ አለበት። አብዛኛው ልጅ የሚሳሳተው የመጀመሪያዋ ላይ ነው፤ እግሩ ይቀድማል፣ ኳሱ ይከተላል።

እየሮጠ ለሚቀበል ከ2017 ጀምሮ ዓለም አቀፉ ደንብ ላላ ብሏል። ኳሱን ስትቆጣጠር መሬት ላይ ያለው እግር አይቆጠርም፤ ከዚያ ሁለት ይፈቀድልሃል። ስለዚህ ሦስት የቆጠረው ተመልካች ሁልጊዜ ልክ አይደለም።

በኤንቢኤ ደንብ መከራከር

ሌሊት የአሜሪካኖቹን ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኤንቢኤን አይቶ ያደረ ልጅ ማታ ሜዳ ላይ ጠበቃ ይሆናል። እዚያ ሩቡ 12 ደቂቃ ነው፣ በዓለም አቀፉ ደንብ 10። እዚያ በስድስት ፋውል ትወጣለህ፣ እዚህ በአምስት። የሦስት ነጥብ መስመራቸው 7.24 ሜትር ይርቃል፣ የዓለም አቀፉ 6.75። የእኛዋ ግድግዳው እስኪፈቅድ ድረስ ነው።

ነጥብ ያለው ሰርቭ ያደረገው ነው ማለት

አንድ የባቡር ሠራተኛ የነበሩ ጋሼ አሉ፤ ጨዋታ ማየት ይወዳሉ። ነጥብ በጣታቸው ሲቆጥሩ ሁሌ ከእኔ ያንሳሉ። እሳቸው መረብ ኳስ ሲጫወቱ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ የያዘው ቡድን ብቻ ነበር፣ አንዱ ዙር፣ "ሴት" የሚሉት፣ በ15 ያልቃል። ተሳስተው አይደለም፤ ደንቡ ነው ጥሏቸው የሄደው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ተቀየረ። አሁን ማንም ሰርቭ ያድርግ፣ ኳሱን ያሸነፈ ነጥብ ያገኛል። ሴቱ 25 ነው፣ አምስተኛው ብቻ 15፣ በሁለት መብለጥም ግድ ነው።

ከዚሁ ዘመን ለውጥ ሌላዋ፦ ሰርቭ መረቡን ነክቶ ከተሻገረ ይቀጥላል። "ይደገም" የሚሉ አሁንም አሉ። አይደገምም።

ብሎክን መቁጠር፣ እግርን መከልከል

በመረብ ኳስ ለአንድ ቡድን ሦስት ንክኪ ይፈቀዳል። ብሎክ፣ መረቡ ላይ ተነስቶ የተቃራኒን ምት በእጅ መከለል፣ ከነሱ አይቆጠርም፤ ብሎክ ያደረገው ራሱ ቀጥሎ ቢነካም ጥፋት የለበትም። በእግር ማዳንም ይቻላል። እግር ኳስ ላበደላት ሀገር ይህን ማስረዳት ይከብዳል ብዬ አላስብም ነበር፤ ግን በእግሩ ያተረፈ ልጅ ራሱ እጁን አውጥቶ "ጥፋቴ ነው" ይለኛል።

ያለ ሰዓቱ መዞር

በእያንዳንዱ ነጥብ ቦታ እየቀየሩ የሚዞሩ ቡድኖች አሉን። የሚዞረው ሰርቭ ከተቃራኒ ሲወሰድ ብቻ ነው፣ በሰዓት አቅጣጫ። የፊት ቀኙ ሰው ወደ ኋላ ወርዶ ሰርቭ ያደርጋል። ቀላሏ ምልክት ይቺ ናት፦ ሰርቭ አድርገህ ነጥብ ካገኘህ እዚያው ቁም፣ ድገም።

መረቡን በጫፉ መለካት

መረቡ ለወንድ 2.43፣ ለሴት 2.24 ሜትር ነው። የሚለካው መሀል ላይ ነው፤ ጫፎቹ ከዚያ ቢበልጡ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ማለፍ የለባቸውም። የእኛ ልጆች ግን ምሰሶው ላይ ለክተው "ልክ ነው" ይላሉ፤ ገመዱ ደግሞ መሀል ላይ እንደ ልብስ ማስጫ ረግቧል። ሐረር ብንሆን መኪና ግርግር ወርጄ ከአሥር ልብስ ሰፊ ሜትር እዋስ ነበር፤ እዚህ ከጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ለመንኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሁለቴ መለካት ነበረብን። መሀሉ 2.29 ሆኖ ተገኘ።

ሰሞኑን "በረርኩ" ሲለን የከረመው፣ መረቡ ላይ ዘሎ የሚመታው አንጣሪያችን ዝም አለ። ገመዱን ወጠርነው። የመጀመሪያዋን ኳስ ተነስቶ መታት፤ መረቡ ውስጥ ገባች። ሁለተኛዋም። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊው ዞሮ፣ "አቦ፣ አንተ፣ ይሄ ሜትርህ ግን ልክ ነው?" አለው።