የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ብቅ ያለ ሰው፣ ደረጃውን ከሚወጡትና ከሚወርዱት መካከል ከላይ ወፍራም ጃኬት፣ ከውስጥ ላስቲክ ለብሰው የሚሮጡ አያጣም። ሥር የሰደደው ስህተት ይኸው ላብን የጥቅም መለኪያ ማድረግ ነው። ላብ ሰውነት ሙቀቱን የሚያበርድበት መንገድ እንጂ የቀለጠ ስብ አይደለም፤ ከሩጫው በኋላ ሚዛኑ ላይ የጎደለው አብዛኛው ውሃ በመሆኑ ጠጥተው ሲጨርሱ ይመለሳል፣ ላስቲኩም የሚያተርፈው የውሃ ጥማትና ድካም ነው። ጥረትን በትንፋሽ መለካት ይሻላል፦ እየተራመዱ ማውራት ችለው መዝፈን ካቃተዎት እንቅስቃሴዎ መካከለኛ ነው፤ ጥቂት ቃላት ተናግረው ትንፋሽ ለመሳብ የሚያቆሙ ከሆነ ደግሞ ከባድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ይመክራል። ብዙዎቻችን ይህን ድርሻ በእሑድ ኳስ ልንወጣው እንሞክራለን። ደቂቃው ምናልባት ይሞላ ይሆናል፤ ነገር ግን ስድስት ቀን ወንበር ላይ የከረመ የአርባ ዓመት ሰው ሰውነቱን ሳያሟሙቅ ከወጣቶች ጋር ሲሻማ ጡንቻውና ጅማቱ ለጉዳት ይጋለጣሉ። በዚያ ላይ እንቅስቃሴ ጡንቻ ስኳርን ከደም እንዲወስድ የሚያግዘው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ያህል በመሆኑ፣ በተለይ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደቂቃዎቹን በሳምንቱ ውስጥ ቢበትናቸው ይጠቀማል።

አጭር እርምጃን መናቅም ስህተት ነው። የቀድሞው መመሪያ ከ10 ደቂቃ ያነሰ እንቅስቃሴን አይቆጥርም ነበር፤ የ2020ው ግን ይህን ገደብ አንሥቶታል። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ እንግዲህ ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

ክብደት ማንሣት የጎረምሶች ነው የሚለው አስተሳሰብ ግን እናቶቻችንንና አባቶቻችንን ጎድቷል ባይ ነኝ። ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ለአዋቂ ሁሉ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ያስፈልጋል፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ደግሞ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ ያካተተ እንቅስቃሴ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ይመከራል፣ መውደቅን ይከላከላልና። ጂም መግባት ግዴታ አይደለም፤ እጅን ሳይደገፉ ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ ለጀማሪ በቂ ነው።

ከሁሉ አደገኛው፣ ሰውነቴ ቀለለኝ ብሎ የደም ግፊት መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቆም ነው። እንቅስቃሴ ግፊትን ይቀንሳል፤ የመድኃኒቱን መጠን የሚቀንሰው ወይም መድኃኒቱን የሚያቆመው ግን ለክቶ ያየ ሐኪም ነው። ኢንሱሊን የሚወስድም ሰው ስኳሩን ሳይለካና ጣፋጭ ነገር ኪሱ ውስጥ ሳይዝ ለረጅም እርምጃ አይውጣ።