ሁለት ዓመት «ጨጓራ ነው» አልኩ

ሁለት ዓመት ሙሉ ጨጓራ ነው ብዬ ተመላለስኩ፤ ለካ ጭንቀት ነበር። ኢንዶስኮፒ ታየሁ፣ ኤች ፓይሎሪ ተመረመርኩ፣ በርበሬ ተውኩ። ቡናውን ግን አልተውኩም፤ ኋላ እንደገባኝ ቀድሞ መቀነስ የነበረበት እሱ ነበር።

አንድ ቀን ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ ሚኒባስ ውስጥ እያለሁ ልቤ ድንገት ድው ድው ይል ጀመር። እጄ ደነዘዘ፣ አየር አጠረኝ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ በቃ መሞቴ ነው ብዬ «ወራጅ አለ!» አልኩና መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለቀቀኝ። ድንገተኛ ክፍል ሄጄ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሳሁ። ንጹህ ነው። «ምንም የለብህም፣ አታካብድ» ተባልኩና ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ከበሩ አጠገብ ካልሆነ ታክሲ ውስጥ አልቀመጥም አልኩ። ቀጥሎ ታክሲውንም ተውኩና በእግሬ መመላለስ ጀመርኩ። ሰው ሲጠይቀኝ «ስፖርት ነው» እላለሁ። ከሜክሲኮ ሳሪስ፣ በየቀኑ፣ በቢሮ ጫማ!

ይሄን የማወራው እኛ ዘንድ ጭንቀት በራሱ ስም ስለማይመጣ ነው። ጨጓራ፣ ልብ፣ ነርቭ፣ «ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል»፣ «ሆዴ ይባባል» እየተባለ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ራሳችሁን ስትታዘቡ ከሰውነታችሁ ጀምሩ።

በእርግጥ ሁሉም ሰው ይጨነቃል። ኪራይ ሲጨምር ወይ ቪዛ ሲዘገይ የማይጨነቅ ካለ እሱ ይመርመር። ጤነኛው ጭንቀት ግን ጉዳዩ ሲያልቅ አብሮ ይሄዳል። ሕመም የሆነው አንዱ ሲያልቅ ሌላ ይፈልጋል፤ ኪራዩ ተከፍሎም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀሰቅሳችኋል፣ ልጃችሁ ስልክ ካላነሳ መኪና ገጭቶታል ብላችሁ ለቅሶውን ሁሉ በሐሳባችሁ ትጨርሱታላችሁ። ሐኪሞች አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም ነው ለማለት ቢያንስ 6 ወር፣ አብዛኛውን ቀን የዘለቀና ልቆጣጠርህ ቢሉት እምቢ የሚል ስጋት ይፈልጋሉ። ከሱም ጋር እንቅልፍ ማጣት፣ ቶሎ መድከም፣ ንጭንጭ፣ መቁነጥነጥ፣ የጡንቻ መወጣጠር፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ከነዚህ ቢያንስ ሦስቱ ይታያሉ። 6 ወሩ ለስያሜው ነው። ሐኪም ጋ ለመሄድ ያን ያህል አትጠብቁ።

እኔን ሚኒባስ ውስጥ የያዘኝ ግን ሌላ ነው፤ ፓኒክ አታክ ይባላል። ድንገት ይመጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ እየበረደ ይሄዳል። እጅና ከንፈር የሚደነዝዘው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደማችን ከልክ በላይ ስለሚወጣ ነው። ይህን ያወቅኩ ቀን ግማሹ ፍርሃት ለቀቀኝ። አሁን ሲመጣብኝ አየሩን በቀስታ ስቤ ከሳብኩበት ረዘም አድርጌ አስወጣዋለሁ፣ ካለሁበትም አልሸሽም። አንዴ ስለያዛችሁ ብቻ ሕመም አለባችሁ ማለት አይደለም። ደጋግሞ ሲመጣና «ደግሞ ቢይዘኝስ?» እያላችሁ ወር ስታስቆጥሩ፣ ቦታና ሰው መሸሽ ስትጀምሩ ግን ነገሩ ሥር ሰዷል።

ሰው ፊት መናገር፣ መብላት፣ መፈረም የሚያስፈራቸውም አሉ። ይሄኛው እኛ ጋ በደንብ ይደበቃል፤ አንገቷን የደፋች ጨዋ ልጅ እያልን እናሞግሰዋለን። ልጅቷ ግን ክፍል ውስጥ እጇን ላለማውጣት ብላ የምታውቀውን መልስ ይዛ ትመለሳለች።

እና እንዴት ትለዩታላችሁ? ለኔ የሠራው ጥያቄ አንድ ነው፦ በዚህ ዓመት ምን ምን ነገር ተውኩ? ታክሲ፣ ሠርግ፣ ስብሰባ፣ ሊፍት፣ ብቻዬን መተኛት። ጻፉት። ዝርዝሩ እየረዘመ ከሆነ የጭንቀቱ መጠን ምንም ይሁን ምን እርዳታ መፈለጊያው ጊዜ ደርሷል። ከሱ ጋር ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያዙ፦ መቼ መጣ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ከዚያ በፊት ምን ጠጣችሁ ወይ ቃማችሁ። ጫት የሚቅም ሰው የማግስቱን መረበሽ በጫት ሲያስታግስ አዙሪቱ አያቆምም፤ ማታ ጭንቀት ለማርገብ የተጠጣ ቢራም ጠዋት ብሶ ይመለሳል። «ጋድ-7» የሚባል ሰባት ጥያቄ ያለው መጠይቅም አለ፤ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ ውጤቱ ከ21 ነው፣ 10 እና ከዚያ በላይ ካመጣችሁ ባለሙያ ይያችሁ። ምርመራ አይተካም፣ ግን ለሐኪሙ ወሬ መጀመሪያ ይሆናል።

አካላዊ ምርመራውንም አትዝለሉ። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ፣ ደም ማነስ ሲኖር፣ አንዳንድ የአስም መድኃኒት ሲወሰድም ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። አንዴ በደንብ ተመርመሩ። ንጹህ ነው ከተባላችሁ በኋላ ግን አምስተኛውን ኢሲጂ ፍለጋ ሌላ ሆስፒታል አትሂዱ። እኔ ሄጃለሁ፣ ገንዘቤ ነው ያለቀው።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ነገሮች አሉ። ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ በተለይ ስኳር ወይ ደም ግፊት ላለበት ሰው፣ «ጭንቀት ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል። መኖር የማስጠላት፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣም እንዲሁ ዛሬውኑ፣ ብቻችሁን ሳትሆኑ። አገር ቤት የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ አውሮፓ ድንገተኛ እርዳታ 112፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሲሆን ደግሞ አሜሪካ ያላችሁ 988፣ እስራኤል 1201።

ወዴት ልሂድ ለምትሉ፣ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ መጠየቅ ይቻላል፤ የሥነ አእምሮ ክፍል ያላቸው አጠቃላይ ሆስፒታሎችም አሉ። አማኑኤል ሆስፒታል የሚለውን ስም ለስድብ ስለምንጠቀምበት ብዙ ሰው በሩን ይፈራል። ተመላላሽ ክፍሉ ግን ሥራ ውሎ በሚመጣ ሰው የተሞላ ነው። አሜሪካ ያላችሁ የፌዴራል ገንዘብ በሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አላችሁ፤ የአሥር ዓመት ልጃችሁን «እናቴ ሞት ትፈራለች» አታስብሉት።

ሐኪሙ ጋ ስትገቡ «ያመኛል» ብቻ አትበሉ፣ ማስታወሻ የያዛችሁበትን ወረቀት ስጡ። ሕክምናው የንግግር ሕክምና፣ መድኃኒት ወይም ሁለቱም ነው። በተለምዶ የሚታዘዙት እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ለውጣቸው እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብላችሁ አትጣሉ፣ ሲሻላችሁም በራሳችሁ አታቋርጡ። ጎረቤት የሚያካፍላችሁን ዳያዜፓም ደግሞ አትንኩ፣ ሱስ ያስይዛል። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፣ እናቴም ይዛኝ ሄዳለች፤ መድኃኒቱን ግን ቤት ጥላችሁ አትሂዱ።

እኔ አሁን ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። መስኮት ዝጋ ከሚለኝ ሰው ጋር ግን አሁንም እጣላለሁ።